ደንበኛ ያጣ ጠገራ

በአማርኛ ውስጥ «ደንበኛ» እንደሚለው ቃል የሚገርመኝ የለም። ሥጋ የሚቆርጥልኝ ሰው ደንበኛዬ ነው፤ እኔም ለእሱ ደንበኛው ነኝ። ሻጭና ገዢ በአንድ ስም ይጠራሩበታል። ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። «ደንበኛ ቅቤ» ስንል ምንም ያልተቀላቀለበት ማለታችን ነው። «ደንበኛ ሰው» ስንል ቃሉን የማያጥፍ ማለታችን ነው። ሥሩ ደንብ ነው። እንግዲህ ደንበኛ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ገዢ ማለት ብቻ አይደለም፤ በሁለታችን መካከል ያልተጻፈ ደንብ አለ ማለት ነው።

ይህን ደንብ ከብዙ ገበያ ገና አላጣነውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ባለቅቤ ብቻ የሚገዙ እናቶች አሉ። ባለቅቤዋ በዓል ሲደርስ ትደውላለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ዱቤ ትሰጣለች፤ እነሱም ሌላ ዘንድ ጥቂት ብር ቢረክስ ጥለዋት አይሄዱም። ልብስ ሰፊውም፣ ፀጉር ቆራጩም፣ በርበሬ ሻጯም እንደዚሁ ናቸው። የድሮ ገንዘብ ገበያ ግን ከዚህ ወግ ውጭ ሆኗል። ጠገራ ብር፣ የምኒልክ አላድ፣ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም የሚሸጥበትን ገበያ ማለቴ ነው። እዚያ ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ደላላማ ሞልቷል፤ ደንበኛ ግን የለም። ሁሉም አንዴ መትቶ መሄድ ነው የሚፈልገው።

«ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ስለ ዛገ ሳንቲም ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በመጀመሪያ ነገር ብር አይዝግም፤ ይጠቁራል እንጂ። ሁለተኛ፣ ያስጨነቀኝ ኑሮ ስለተወደደ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ ጠገራ የሰብሳቢ መጫወቻ አልነበረም። ጥሎሽ ነው፤ የአንገት ድሪና የእግር አልቦ የሚሠራበት ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የክፉ ቀን ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ፤ ብርነቱን ግን የሚሽር አዋጅ የለም። በመስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ አገሩ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ፤ ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠው ጠገራ ግን እዚያው እንደተቀመጠ ዋለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ በዶላር የሚቆረጥ ነውና የሙዳዩም ዋጋ አብሮ ጨመረ። ይህን አዲስ አበባ ያለው ገዢ ያውቃል። ባለሙዳይዋ ግን ማን ይንገራት?

ድርቅ ሲሆን፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ልጅ ሲታመም ያ ጠገራ ከሙዳዩ ይወጣል። ያን ቀን ባለቤቲቱ ፊት የሚቆመው ሰው ደንበኛ ነው ወይስ አዳኝ? የኔ ጥያቄ ይኼ ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ጠገራው ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ጠገራዎች ሁሉ፣ የትም ይመቱ መቼም ይመቱ፣ የተጻፈባቸው ዓመት 1780 ነው። ቪየና መትታዋለች። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮማ ላይ አስመትቷል። እንግሊዞችም ተከትለው ለንደንና ቦምቤይ ላይ መትተዋል። ኦስትሪያማ ዛሬም እየመታች ትሸጣለች። ስለዚህ «1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ወይ እሱ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ አውቋል።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህችን የሰው አገር ንግሥት ከገበያችን ሊያስወጧት ፈልገው ነበር። በፓሪስ የራሳቸውን ብር አስመቱ። በአንድ ፊቱ የእሳቸው መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት፤ 1887 እና 1889 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ዛሬም አሉ። ክብደቱም ሆነ የብሩ ጥራት ከጠገራው አያንስም ነበር። ሆኖም ባላገሩ በሰፊው አልተቀበለውም። ንጉሡን ስለጠላ አይደለም። ማርያ ቴሬዛን የትከሻ ጌጧን ዘጠኝ ዕንቁ ቆጥሮ፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አይቶ፣ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምጿን ሰምቶ ነው የለመዳት። ደንበኛው ናት። አዲሱን ብር ግን ገና አላወቀውም። ንጉሠ ነገሥት እንኳ በአዋጅ ሊያመጣው ያልቻለ ነገር አለ ማለት ነው፤ አመኔታ የሚመጣው በመመላለስ ነው።

ጠገራው ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በጎንደር አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነበር ጎጃም የሚገባው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡናና ወርቅ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች ባሶ ገበያ ላይ በእሱ ይገበያዩ ነበር፤ አሞሌ ጨው ደግሞ ዝርዝሩ ነበር። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው መንገድ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ጊዜ መካከሉ ስለፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ነበር የሚሻገረው። አንዴ ተጠግኖ ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ አስቡት፤ ገመዱን የያዘውን ሰው ሳያምን ማን ገደል ላይ ይንጠለጠላል? የድሮ ገንዘብ የሚገዛም ሰው እንደዚያው ነው። እሱ የማያውቀውን ሌላው ያውቃል፤ መካከሉ ገደል ነው።

የኔን ገመድ የሚይዙልኝ ሰው ሞጣ ውስጥ አሉኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ስማቸው አደባባይ መውጣቱን የሚወዱ ሰው አይደሉም። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሱቃቸው የልብስ ሱቅ ነው፤ ጋቢና ነጠላ ይሸጡበታል። ከባንኮኒው ሥር ግን አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ አለች። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ፣ ደጀን ላይ ተገንጥዬ በቢቸናና በሞጣ በኩል የምጓዘው ለዚያች ቆርቆሮ ስል ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የምኒልክ ብር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሁለት አወጡና ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝ።

«አንዱ ፓሪስ የተመታ ነው። አንዱ እዚሁ ቅርጽ ወጥቶለት የፈሰሰ ነው። እስቲ ለይ» አሉኝ።

«መለየት አልችልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ዛሬ አልሸጥልህም።»

ሁለቱንም ወደ ቆርቆሮው መለሱ። ሻይ ግን አዘዙልኝ። ገንዘቤን ኪሴ ይዤ፣ ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ። ሊሸጥ የሚችለውን ነገር «ስለማታውቀው አልሸጥልህም» የሚል ነጋዴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉዞዬ ማስተማር ጀመሩ። የተመታ ብር ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ የፈሰሰው ግን እንደ ቀለጠ ሻማ ይለሰልሳል፤ አንዳንዴም ቅርጹ የተጋጠመበት መስመር በጠርዙ ዙሪያ ይታያል። ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833 እጁ ብር ነው፤ እንግዲህ በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ማንም ሰው የዕለቱን የአንድ ግራም ዋጋ ካወቀ የጠገራውን ወለል ማወቅ ይችላል። ከወለሉ በታች የከፈለ ዘርፏል፤ ከወለሉ በላይ የሚከፈለው የታሪኩ ነው። የምኒልኩ ብር ላይ ደግሞ በአንዳንዱ የአንበሳው ግራ እግር፣ በሌላው ቀኙ እንደተነሣ አሳዩኝ። ስንት ሰው በእጁ ይዞት ይህን ሳያይ ኖሯል!

የጃንሆይ ሳንቲሞች ሁሉ ለምን 1936 እንደሚሉም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓመቱ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ አልተቀየረም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመታውም 1936 ነው የሚለው፤ ልክ እንደ ጠገራው 1780። ያቺ ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ያላት ሃያ አምስት ሳንቲምም የራሷ ታሪክ አላት። መጀመሪያ ክብ ነበረች። መዳብ ብትሆንም ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር እየተመሳሰለች አስቸገረች፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ጠርዟ ተለውጦ ወጣ። «አየህ፣ መንግሥትም ሲቸግረው እንደ እኔ ጠርዝ ነው የሚያየው» ብለው ሳቁ።

በአራተኛው ጉዞዬ ይመስለኛል፣ ከቆርቆሮው አንድ ጠገራ አንሥቼ «ይኼ ስንት ነው?» አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ስንት ነው አትበለኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ከየት መጣ በለኝ።»

ከመሳቢያቸው የተማሪ ደብተር አወጡ። እያንዳንዱ ጠገራ ቁጥር አለው። ከማን እንደተገዛ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ምን እንደነበረ ተጽፏል። አንዱ ከድሪ የተፈታ ነው። አንዱ መሬት የተገዛበት ተራፊ ነው። አንዱን ባለቤቱ ከአባቱ ጋሻ ጋር የወረሰው ነው። እኔ የማየው አንድ ዓይነት ሴትዮ የተቀረጸበት አንድ ዓይነት ብረት ነበር፤ ደብተሩ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሌላ ነበር። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ በቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ብር ብቻ ነበር፤ ብር ደግሞ በሚዛን ነው።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት አሮጊት ገቡ። የመቀነታቸውን ጫፍ ፈተው ሁለት ጠገራ ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«እመይቴ፣ የማን ነው?» አሏቸው ጋሼ።

«የእናቴ። ሲድሯት የተሰጣት።»

«ምን ገጠመዎ?»

«ልጅ ታሞብኝ።»

ጋሼ ሚዛኑን አወጡና ቁጥሩ ወደ ሴትዮዋ በኩል እንዲታይ አዙረው አስቀመጡት። የብሩን ዋጋ ነገሯቸው። ከዚያ በላይ እሳቸው የሚጨምሩትን ነገሯቸው። ቀጥለውም «ሂዱና ብር ሠሪውን ደግሞ ጠይቁት። ከኔ ከበለጠ ለእሱ ይስጡት፤ ካነሰ ይመለሱ» አሏቸው። ሴትዮዋ ሄዱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ጋሼ ገንዘቡን ቆጥረው ሰጧቸው፤ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ሁለቱን ጠገራዎች ግን ቆርቆሮው ውስጥ አልጨመሯቸውም፤ በወረቀት ጠቅልለው ለብቻ አስቀመጡ። «ወር ድረስ አልሸጠውም። ገንዘቡን ካመጡ ብርዎን ይወስዳሉ» አሏቸው።

እኔ ሁለቱንም ጠገራዎች ፈልጌያቸው ነበር። የእናት ጥሎሽ መሆናቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ታሪክ ያለው ጠገራ ከየት ይመጣል? ጋሼ አዩኝ፤ ምንም ሳልናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንበኝነት ከገዢውም የሚጠይቀው ነገር እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወር መታገሥን ይጠይቃል። ሴትዮዋን ውጭ ጠብቆ «እኔ እጨምርልዎታለሁ» አለማለትን ይጠይቃል። የአዲስ አበባን ዋጋ ደብቆ አለመያዝን ይጠይቃል። እኔ የብርን የቀን ዋጋ በስልክ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያላቸውን በሐቅ ያሳዩኛል። ከእኔ ያተርፋሉ ወይ? በደንብ ያተርፋሉ! ለምን አያተርፉም? ጋሼ መልአክ አይደሉም። ዋጋ ከቆረጡ አይበገሩም፤ ሮማ የተመታውን ጠገራ «የጣሊያን ነው» ብለው በክፉ ዓይን ያዩታል፤ ብሩ ከቪየናው እኩል ነው ብላቸው አይሰሙኝም። እኔ ግን ከሐቀኛ ግትር ጋር መገበያየት ከጣፋጭ አታላይ ጋር ከመገበያየት ይሻለኛል።

አሁን ወደ ሌላው እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ካፌ ተቀምጠን ሳለን አንድ ሰው ገጠር ወርዶ ከአንዲት ባልቴት ሰባት ጠገራ «በአንድ ጋቢ ዋጋ» እንደገዛ እየሳቀ አጫወተን። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ሳቀ። «አራዳ ነህ!» አለው አንዱ። አራዳ እንግዲህ የድሮው የአዲስ አበባ ገበያ ስም ነበር። የገበያው ስም ዞሮ ዞሮ የማታለል ሙያ መጠሪያ ሲሆን ስለ ገበያችን አንድ ነገር ይነግረናል። ተታላዩ «ፋራ» ነው፤ አታላዩ «አራዳ» ነው፤ ሁለቱም ግን የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ሰውየው ሰባቱን ጠገራ ስለያዘ ሰብሳቢ መስሎታል። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ ብትጠይቁት አያውቅም፤ የሴትዮዋን ስም ብትጠይቁት አያውቅም። ያ ቤት ዳግመኛ በር አይከፍትለትም። ለእሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ነገር ግን ለማንኛችንም አይከፍትልንም።

ነጋዴውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። የፈሰሰ ጠገራ በሻይ ቅጠል አጥቁሮ «የአያቴ ነው» የሚል አለ። አያት የሌለው ነጋዴ የለም መቼም! ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመዳችን «የአገሬን ነገር ልያዝ» ብሎ በናፍቆት ሲገዛ፣ ናፍቆቱ ራሱ ዋጋ ይቆረጥበታል። ሰውየው ተመልሶ እንደማይመጣ ስለሚታወቅ ማንም አያፍርም። እሱ ደግሞ እዚያ ሄዶ መታለሉን ሲያውቅ ከሁለተኛው ነጋዴ ጋር ሐቁን ይዞ አይነጋገርም፤ ሁሉንም ሌባ ነው የሚለው። ሐቀኛው ነጋዴ የሌባውን ዕዳ ይከፍላል።

በስልክ የሚዞረው ወሬ ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። «ይህን የድሮ አሥር ሳንቲም ያለው ሰው ሚሊየነር ነው» የሚል መልእክት ያልደረሰው ማን አለ? ጉዳቱ ሞኝ ማሳቁ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጅ ይህን ሰምቶ የአያቱን ሙዳይ ይዞ ይወጣል፤ ሚሊዮን ይጠይቃል። ሐቀኛው ነጋዴ እውነተኛውን ዋጋ ሲነግረው «ሊያታልለኝ ነው» ብሎ ይሄዳል። ወር፣ ሁለት ወር ይዞት ይዞራል። በመጨረሻ ተስፋ ሲቆርጥ በመጀመሪያ ላገኘው ብር ሠሪ በሚዛን ይሰጠዋል፤ ጠገራው ቀልጦ ቀለበት ይሆናል። በብር ሠሪው አልፈርድም፤ ሙያው ነው። የውሸት ዋጋ ግን እውነተኛውን ዋጋ እንዴት እንደሚገድል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

«ታዲያ መንግሥት ምን ይሠራል?» ትሉኝ ይሆናል። ሕጉ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ፣ በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ያገኘውን ላስረከበ ሰው ደግሞ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪ ካለበትም እንዲተካለት ይላል። ይህን የሽልማቱን ነገር የሰማ ገበሬ ካጋጠማችሁ እባካችሁ አስተዋውቁኝ። ስለ ቅጣቱ ሁሉም ሰምቷል፤ ስለ ሽልማቱ የሚነግረው ግን የለም።

በዚያ ላይ «መዝጋቢ መጣ» የሚለው ቃል ጎጃም ውስጥ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሬቴን ገማች አይረግጠውም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር እስከ መሰረዝ ደረሰ። ያንን ያየ ሰው ልጅና የልጅ ልጅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ባለሥልጣን ቤቱ ገብቶ «ሙዳይህ ውስጥ ምን አለ?» ሲለው ምን የሚል ይመስላችኋል? «ምንም የለም፣ ጌታዬ» ነው የሚለው። ጋሼን ግን ራሱ ፈልጎ መጥቶ ያስመዘግባቸዋል! በተማሪ ደብተር ላይ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ የእናቱን ስም ጭምር ይነግራቸዋል። ሚዛኑ ወደ እሱ ስለዞረለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። ጠገራ ሌላ፣ የአክሱም ሳንቲም ሌላ። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ ከሦስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ መትተዋል፤ ኢዛናም ክርስትናን ሲቀበል መስቀልን በገንዘቡ ላይ አኑሯል። እነዚህ ከመሬት ነው የሚወጡት። ዝናብ ሲዘንብ፣ ማረሻ ሲያገላብጥ ይገኛሉ። ከተገኘበት ቦታ አንዴ ከተነሣ፣ አብሮት ምን እንደነበረ፣ በየትኛው አፈር ላይ እንደተኛ የሚናገረው አይኖርም። ለተመራማሪ ሳንቲሙን ብቻ መስጠት ከመጽሐፍ ውስጥ አንድ ፊደል ቀዶ እንደመስጠት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር ከሰሜን እንደዚህ ያለ ነሐስ ሳንቲም ይዞ ጋሼ ዘንድ መጣ፤ እኔም ነበርኩ። በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። «ይኼ የሰው አይደለም፣ የአገር ነው። መልሰህ ላገኘህበት ወረዳ ስጥ» አሉት። ሹፌሩ ሳቀባቸውና ወጣ። ሳንቲሙ ወዴት እንደሄደ መገመት አያቅትም። ከአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክ ፊደል «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፎባቸዋል። ንጉሡ ይህን ያስጻፈው በወርቁ ላይ ሳይሆን ተራው ሰው በሚይዘው ነሐስ ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እንግዲህ ምን ይሁን? እኔ ትልቅ ነገር የለኝም፤ የምለው ደንብ ይኑረን ነው። ገዢ የሆንክ ሰው አንድ ነጋዴ ያዝና ተመላለስበት። ሳትገዛም ሂድ፤ ሻይ ጠጣ፤ ጠይቅ። መጀመሪያ የምታገኘው ዕውቀት ከመጀመሪያው ጠገራ ይበልጥሃል። ዋጋ ስታስቀንስ ከወለሉ በታች አትውረድ፤ ከወለሉ በታች ያገኘኸው ትርፍ ከአንዲት እናት መድኃኒት ላይ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ነጋዴ የሆንክ ደግሞ ሚዛኑን አዙረው፤ ደብተር ያዝ፤ የፈሰሰውን «የፈሰሰ ነው» ብለህ ሽጥ፤ የሸጥከው ውሸት ሆኖ ሲገኝ ገንዘብ መልስ። አንድ ቀን የመለስከው ገንዘብ ሃያ ዓመት ደንበኛ ያመጣልሃል። ቢሮ ያለኸው ወንድሜ፣ ስለ ቅጣቱ በተናገርክበት አፍ ስለ ሽልማቱም ተናገር፤ ገበሬው ቤት ከመሄድህ በፊት እንደ ጋሼ ያሉትን ሰዎች ፈልገህ ደብተራቸውን በክብር አንብብ። ሕዝብ የሚያምናቸውን ሰዎች እንደ ወንጀለኛ ከማየት እንደ አጋዥ ማየት ይቀላል፤ ይረክሳልም።

ጋሼ አርጅተዋል። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ ቆርቆሮዋን የሚፈልግ አለ፤ ደብተሩን ግን እስካሁን የጠየቃቸው የለም። መንገዱ ከከፋ ወዲህ በስልክ ነው የምንገናኘው። ባለፈው ስንነጋገር ስለ ሁለቱ የጥሎሽ ጠገራዎች ጠየቅኳቸው፤ ልጠይቅ ልጠይቅ እያልኩ ሳልጠይቅ የቆየሁት ነገር ነው። «ወሰዷቸው እኮ» አሉኝ። «ልጁም ድኖ፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን ገንዘቤን ቆጥረው አምጥተው ወሰዷቸው። ደብተሩ ላይ ሰርዣለሁ።» እኔም ደስ አለኝ። ጠገራዎቹን አላገኘኋቸውም፤ ግን ከቆርቆሮዋ ውስጥ ካገኘኋቸው ሁሉ ይበልጥ የማውቃቸው እነሱን ነው።

ማርያ ቴሬዛ ጠርዟ ላይ የላቲን ጽሑፍ አላት። አባቶቻችን የተመታውን ከፈሰሰው ለመለየት በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱት የኖሩት እሱን ነው። ትርጉሙ «በፍትሕና በርኅራኄ» ነው።